እሜቴ ይቀመጥና ፖሞቿ

አስቀማጭ የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም አንዷን ታውቋታላችሁ። የስጦታ ወረቀት ሳይቀደድ ፈትታ፣ አጥፋ፣ ፍራሽ ሥር የምታኖረውን። የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ የምትደረድረውን። ጠርሙሱ ቢሰበር ክዳኑን፣ ክዳኑ ቢጠፋ ጠርሙሱን "አንድ ቀን ይፈለጋል" ብላ የማትጥለውን። ያ አንድ ቀን የሚባለው ቀን ሲመጣ ደግሞ ዕቃውን የት እንዳኖረችው ጠፍቷት ቤቱን ስታተራምስ ትውላለች።

የኛ ሕንፃ አስቀማጭ ከነዚህ ትለያለች። እሷ የት እንዳስቀመጠች አትረሳም። የሚረሳት መብላቱ ነው።

ሕንፃው በሙሉ ስሟን ትቶ "እሜቴ ይቀመጥ" ይላታል፤ በሌለችበት ነው እንጂ ማን ደፍሮ ፊቷ ይላታል። እኔ ግን ፊቷም እላታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ያልተባባለው ነገር የለም። ሰላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ቁልፉን ለተተኪዋ አስረከበች፤ ኃላፊነቱን ግን አላስረከበችም፤ ይዛው ቤቷ ገባች። መድኃኒት ስላልነበራት በፖም ቀጠለች።

ፖሙ የሚመጣው ከወንድሟ የአትክልት ቦታ ነው። ወንድሟ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ይኖራል። በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ ስድስት ሣጥን ጭኖ ይመጣና እያለከለከ ደረጃውን ያወጣዋል። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ስድስት ሣጥን! "እህቴ ብቻዋን ናት፤ እንዳይጎድልባት ብዬ ነው" ይላል ላቡን እየጠረገ። ሰው የጎደለበትን ቤት በፖም የሚሞላው ይመስለዋል። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ክፋት የላቸውም።

የሚቀመጠው የኋላው ክፍል ውስጥ ነው። የልጇ መኝታ ቤት ነበር። ልጇ መሐንዲስ ሆኖ ሩቅ ከተማ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ሁለት ወለደ። እሷም አልጋውን አስወጥታ መደርደሪያ አስገባች። ፀሐይ የሚባል ነገር አይገባበትም። "ለሰው አይሆንም፤ ለፖም ግን ቤተ መንግሥት ነው" ትላለች። የበሩ መቃን ላይ የልጁ ቁመት በየዓመቱ የተለካበት የእርሳስ ምልክት ነበረ። ከመጨረሻው ምልክት በላይ ሚስማር መትታ ቴርሞሜትር ሰቅላበት ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የፖም ሕጓን ግን እንደ ፊደል ገበታ በቃሌ ነው የምወጣው። ከመቀመጡ በፊት አይታጠብም፤ ቆዳው ላይ ያለችው እንደ ሰም ያለች ነገር ፈጣሪ የቀባው መድኃኒት ናት። ከዛፉ የተንጠለጠለባት እንጨት፣ እሷ ጭራ የምትላት፣ መነቀል የለባትም። የወደቀ፣ የተጋጨ፣ ትል የቀመሰው ተለይቶ ወጥ ቤት ይሄዳል። ጤነኛው አንድ በአንድ በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ በሚያብለጨልጨው መጽሔት አይደለም፣ በጋዜጣ። ከዚያ ጭራው ወደ ላይ ሆኖ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ፣ በአንድ ረድፍ ይደረደራል። አየሩ እንዳይደርቅ ጥግ ላይ አንድ ሳህን ውሃ። መስኮቱ በጣት ስፋት ክፍት።

"ፖም እንደ ሰው ነው" ትላለች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። "ይተነፍሳል። ሲታፈን ይታመማል። አንዱ ከታመመ ደግሞ ለጎረቤቱ ያጋባል።"

"ለዚህ ነው ሳይነካኩ የምታኖሪያቸው?"

"ለዚህ ነው።"

"ብቻ ብቻቸውን፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ በጨለማ ክፍል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ኧረ ምንም። የኛን ሕንፃ መሰለኝ።"

ያን ቀን ሻይ ሳታቀርብልኝ ሸኘችኝ።

ከመጋዘን ይዛው የመጣችው ትልቁ ሕግ ግን ሌላ ነው። "ቀድሞ የሚበላሽ ቀድሞ ይወጣል!" መድኃኒት ላይ ይህ ሕግ ነፍስ ያድናል አሉ። ፖም ላይ ምን እንደሚሠራ እኔ ልንገራችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ነጭ ሽርጧን ታጥቃ እንደ ሐኪም ተራ ትወጣለች። እያንዳንዱን ትፈታለች፣ ታሸታለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ጤነኛው ተመልሶ ይጠቀለላል፦ "ይቀመጥ!" ጉንጩ የጠቆረው ይወጣል፤ የሚበላው እሱ ነው። ጤነኛ የነበረው በሚቀጥለው ሐሙስ በተራው ጉንጩ ይጠቁራል፤ ይኸው ወጣ፣ ይኸው ተበላ። በዚህ ዓይነት ስድስት ሣጥን ፖም እየበላን ከርመን አንድ ጤነኛ ሳንቀምስ ዓመቱ ያልፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንጩ የጠቆረ ፖም በላሁ። ደህናው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ሲጠቀለል በማየት ነው።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር አንድ ጊዜ ሊያስረዷት ሞከሩ።

"እሜቴ" አሉ እጃቸውን አጣምረው፣ "እኔ አንድ ስሌት ሠርቻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጤነኛ ጤነኛውን ቢበሉ፣ አብዛኛው ሳይጠቁር ያልቅ ነበር።"

"መምህር፣ እርስዎ መጋዘን ይዘው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ይብሉ።" ብላ ግማሹ ተቆርጦ የተጣለበትን ፖም በሳህን አቀረበችላቸው። በሉ። ምን ያድርጉ፣ እሳቸውም ቤታቸው የሚያቀርብላቸው የለም።

ፖም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምራቷ ያመጣችላት ሽቶ ሳይከፈት ተኖ ጠርሙሱ ቀረ። ለልጇ ሠርግ የገዛችው ጫማ ለሌላ ሠርግ ሲጠብቅ እግሯ አበጠና አልገባ አለ። ቂሟን ሳይቀር በጋዜጣ ጠቅልላ የምታኖር ሴት ናት። አንድ ዓመት ወጥ ቤቴ ሞቆብኝ ድንቼን ከፖሟ ክፍል ጥግ ባስቀምጥ፣ በሁለተኛው ቀን ከረጢቱን በራሴ በር ላይ አገኘሁት። ፖሙ ሲተነፍስበት ድንቹ ይበቅላል፣ ድንቹ በተራው ፖሙን አፈር አፈር ያሰኘዋል፤ እኔ ከየት ልወቅ? ይኸው አስራ ስድስት ዓመቱ፤ የዚያን ድንች ቂም ዛሬም እንደ ትኩስ አውጥታ ታሳየኛለች። ምንም አልጠቆረም።

መቼም የኔና የሷ ትውውቅ የአንድ ቃል ስህተት ነው። ባሌን በቀበርኩ በአራተኛው ወር እዚህ ሕንፃ ገባሁ፤ የስፌት መኪናዬን፣ አንድ አልጋና ሁለት ወንበር ይዤ። ሁለተኛው ወንበር ለምን እንደመጣ እንጃ። ሰው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠፋብኝና ልጠይቅ ማዶ ያለውን በር አንኳኳሁ። ገርበብ ብሎ ነበርና ገፋ አድርጌ ገባሁ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ ከኋላ ክፍል ሣጥን ሲጎተት ይሰማል። "እንደምን ዋላችሁ" ከማለቴ፣ ሳትዞር፣ ጮክ ብላ "ይቀመጡ!" አለች።

እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት አልኩ በሆዴ። ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳታይ አንቱ ብላ የምታስቀምጥ! ተቀመጥኩ። ዞር ስትል ወንበሯ ላይ አገኘችኝ። ክው አለች። ሻይ አፈላች። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ስለ ባሌ ሳል፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት፣ ስለ ባዶው ፒጃማ ነገርኳት። አራት ወር ሙሉ አንቆኝ የነበረው ለቅሶ እዚያ ወንበር ላይ ወጣልኝ። ስለ ውሃው መጠየቁንም ረስቼ ተመለስኩ።

እውነቱ የወጣው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ጠብ ላይ ሆነን ነው።

"እኔ መቼ ነው አንቺን ተቀመጪ ያልኩሽ?" አለች። "ያን ቀን ወንድሜ ከኋላ ሆኖ 'እነዚህ ሁለቱ ሣጥኖች ይውጡ ወይስ ይቀመጡ?' አለኝ። 'ይቀመጡ' ያልኩት ሣጥኖቹን ነው!"

ፊቴ እሳት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሳይጠሩኝ ተቀምጫለሁ ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን ያኔውኑ ተነሺ አላልሽኝም?"

ሽርጧን አስተካከለች። "ተቀምጠሽ ነበራ" አለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት ባለፈው ዓመት፣ ስድስቱ ሣጥን በገባ በሁለተኛው ወር፣ ያቺን የውሃ ሳህን ስትሞላ ተንሸራታ የወደቀችው። ድምፁን ከቤቴ ሰማሁት። አጥንት አልተሰበረም፤ ጉልበቷ ግን እንደ ዳቦ ተነፋ። ልጇ በማግስቱ ደረሰ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግንባሩ አባቱን ነው አሉ።

"እማዬ፣ በቃ" አላት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። "ከኛ ጋ ትኖሪያለሽ። ክፍል አዘጋጅተናል።"

"ፖሙስ?"

"ፖሙ ምን ይሆናል?"

"ይህን ሁሉ ጤነኛ ንብረት ጥዬ የትም አልሄድም። ሲያልቅ እሄዳለሁ።"

ልጁ ሳቀ። ቃሏን ግን ያዘ። "ሲያልቅ፤ ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

እኔ ሻይ በትሪ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። "ኧረ እትዬ፣ እንዳያቃጥልዎ" አለኝ ልጁ። ሲያቃጥለኝ የነበረው ሌላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖም መብላት ተውኩ።

"ነይ ብዪ፣ ጉንጩ ጠቁሯል" ስትለኝ "ጥርሴን አሞኛል" እላለሁ።

"ባለፈው ሐሙስም ጥርሴን ብለሽ ነበር።"

"አልተሻለኝም።"

"ያሉሽ ጥርሶች ስንት ሆነው ነው እንዲህ የሚፈራረቁብሽ?"

ግን እኔ ባልበላ ፖሙ መበስበሱን የሚተው መሰላችሁ? ወደ ብርዱ መጨረሻ መደርደሪያው ሲሳሳ፣ እኔ ስፌቴ ላይ ተቀምጬ ስንት እንደቀረ በሐሳቤ እቆጥር ጀመር። አርባ። ሰላሳ ሦስት። ሃያ ስድስት። አንድ ጊዜ የሰው ሱሪ እግር እያሳጠርኩ በቁጥሩ ስዋልል አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት። የማዶው በር ተቆልፎ፣ ከሥሩ ብርሃን ሳይታይ፣ ማለዳ ማሳሏ ሳይሰማኝ ታየኝ። ያኔ ነው በስተርጅና ወንጀል የገባሁት።

ረቡዕ ረቡዕ ጉልበቷን ለመታከም ክሊኒክ ትሄዳለች። ቁልፏ እኔ ጋ ነው። ጥግ ካለው የፍራፍሬ ሱቅ ሦስት፣ አራት፣ የወንድሟን የሚመስሉ ቀይ ፖሞች እገዛለሁ። የሱቁን ስቲከር በጥፍሬ እልጣለሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጭራቸውን ወደ ላይ አድርጌ፣ መደርደሪያው ላይ እሰገስጋቸዋለሁ። ጭራ ከሌላቸው ደግሞ ጭራው የሚሆንበትን ወደ ላይ። ሌባ ዕቃ ሲያወጣ እንጂ ሲያስገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሩን ቆልፌ ስወጣ መምህሩን ደረጃ ላይ አገኘኋቸውና ሳይጠይቁኝ "ውሃ ላጠጣላት ነው" አልኳቸው። ምኑን? የምትጠጣ አበባ እንኳ የላትም።

ሦስት ሳምንት ሄደልኝ። በአራተኛው ልጇ ሳይናገር መጣ፤ ያውም ሐሙስ፣ ያውም ምርመራ ላይ ሳለን።

"እስቲ ስንት ቀረ፣ እኔም ልይ" ብሎ ከጎናችን ቆመ።

እሷ ትፈታለች፣ ታሸታለች፣ ጫን ታደርጋለች። አንዱን፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ስትፈታ አየሁት። ከጎኑ ላይ ስቲከር፤ ክብ፣ አረንጓዴ፣ የአዝራር ያህል። ልጬዋለሁ ስል የረሳሁት። ሰላሳ አንድ ዓመት ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብላ ፈርማ የማታውቅ ሴት ናት። በአንድ ካርቶን ጓንት ጉድለት የሆስፒታሉን ሹም ያስነሳች ሴት ናት ይሏታል።

መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች። ፖሙን አየችው። ከመነጽሩ በላይ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ አውራ ጣቷን ስቲከሩ ላይ አሳረፈች፤ እንደ ሁልጊዜው ጫን ልታደርግ ይመስል። ከዚያ መልሳ ጠቀለለችው።

"ይቀመጥ" አለች።

"አሁንም አላለቀም?" አለ ልጁ።

"የዘንድሮው ጠንካራ ነው" አለችው። "ገና ነው።"

ልጁ በማግስቱ ተመለሰ። ልወጣ በሩን ስይዝ እሷ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"ስሚ። ከዚያ ከጥጉ ሰውዬ አትግዢ። ፖሙን እንደ ድንጋይ ነው ከመኪና የሚያራግፈው፤ በሳምንቱ ይጠቁራል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ግዢ።"

"እሺ።"

"ደግሞ ጭራ ያለውን።"

"እሺ።"

እንደዚህ ሆነን ሁለት ወር ተጨማሪ ኖርን፤ ነጠላ ጥርስ የቀረን ሁለት ሴቶች፣ የሱቅ ፖም እየጠቀለልን። ከሃያ ሁለቱ ዓመት የትኛውን መልሰሽ ኑሪ ብባል እነዚያን ሁለት ወሮች እላለሁ። ብዙ አልተነጋገርንም። ጋዜጣ ስንፈታ የዜናውን ርዕስ እያነበበችልኝ "ይሄ ሰውዬ እስካሁን ሹም ነው?" ትላለች፤ እንስቃለን።

ከዚያ ሙቀቱ ገባ። ጉልበቷ ደረጃ መውረድ እምቢ አለ። ገበያውንም፣ መድኃኒቷንም፣ ቆሻሻውንም እኔ ሦስት ፎቅ አመላልስ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። አንድ ጠዋት ዳቦዋን ይዤ ስገባ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ለልጄ ደወልኩለት" አለችኝ። "ፖሙ አልቋል አልኩት።"

መደርደሪያው ላይ አስራ አንድ ፖም አለ። ትናንት ማታ አብረን ነው ያየናቸው።

"አስራ አንድ አለ እኮ!"

"ትናንት ደረጃውን ስትወጪ ሰማሁሽ። ሦስት ጊዜ ቆምሽ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየሽ።"

"እያሰብኩ ነው የቆምኩት።"

"በሰባ አራት ዓመቱ ደረጃ መሃል ቆሞ የሚያስብ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሆስፒታል ነው የሠራሁት።" ዳቦውን ከእጄ ተቀበለችኝ። "እኔን ስትሸከሚ አንቺ ልትወድቂብኝ ነው። አልቋል አልኩት፤ አልቋል።"

እሑድ ወሰዳት። አስራ አንዱን በካርቶን አድርጋ እኔ ቤት አስገባቻቸው፤ የቤቴን ቀዝቃዛ ጥግ ኮሪደሩ ላይ ራሷ በምርኩዟ አሳይታኝ። አልተላቀስንም። መኪናው ውስጥ ሆና በመስኮት "ከድንች አርቂ" አለችኝ። ማዶ አሁን ወጣት ባልና ሚስት ገብተዋል። የኋላውን ክፍል መቃን ቀለም ቀቡት፤ በሩ ተከፍቶ ሳልፍ አየሁት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል።

"እንዴት ናቸው?" ትላለች። እንዴት ነሽ አትልም።

"ቆይ ልይልሽ" እላለሁ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርና ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ኮሪደሩ ድረስ እሄዳለሁ። ካርቶኑ ባዶ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል፤ በዚያ ሙቀት አንድ ወር ተኩል አልቆዩም። ግን ከተለመደው ቦታ አላነሳሁትም። ጋዜጣውን እንዲሰማት ኮሽ ኮሽ አደርጋለሁ። እንዳላጋንን ብዬ በየወሩ አንዳንድ እየቀነስኩላት መጥቻለሁ፤ አሁን አምስት ላይ ነን። እዚህ ቤት ፖም እስከ ዛሬ እንደማይቆይ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ሆኖም ስመለስ እየጠበቀች ነው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። የልጅ ልጆቿ ከኋላ ሲጫወቱ ይሰማል። "አምስቱም ደህና ናቸው" እላታለሁ። ከዚያ ነው ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ምራቷ፣ ፖምን ከሽንኩርት ጋር ፍሪጅ ውስጥ ስለሚያጉረው ቤተሰብ የምታወራኝ።

ባለፈው ሐሙስ ወገቤን ይዞኝ ነበርና ኮሪደሩ ድረስ አልሄድኩም። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩና "ደህና ናቸው" አልኳት።

"አልሄድሽም" አለች።

"ሄጃለሁ።"

"አምስት ፖም ፈትቶ፣ አሽቶ፣ መልሶ ለመጠቅለል እንዲህ አይፈጥንም። ተመልሰሽ በደንብ እያቸው። እጠብቃለሁ።"

ስልኩን አስቀምጬ ተመልሼ ሄድኩ።